ቀጭኑ ሮተር

ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠው ጎልማሳ በሪሞት የሚነዳ የውድድር መኪና ታቅፏል። ጎኑ የተቀመጠው ሰው ዝም ማለት አልቻለም።

«ሞተሩ ያ ተፍቆ የሚያልቅ ካርቦን የሌለው፣ አዲሱ ዓይነት ነው?»

«አዎ፤ ውስጡ የሚሽከረከረውን ሮተር እንደ ሜዳው ትቀይራለህ።»

«የትኛውን አስገባህ?»

«ቀጭኑን።»

«የት ልትወዳደር?»

«ጨፋ፣ አውድማ ላይ።»

«አውድማማ ኩርባ ብቻ አይደል እንዴ? ቀጭኑ የሚፈጥነው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ነው። ከኩርባ ሲወጣ ጉልበት ያለው ወፍራሙ ነው። የለህም?»

«አለኝ፤ ኪሴ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ?»

«የምወዳደረው ከሚስቴ አባት ጋር ነው። አውድማውም የሳቸው ነው።»

«እሳቸውስ የትኛውን አስገቡ?»

«ወፍራሙን። እኔው ነኝ ያስገባሁላቸው።»

«ኧረ ተው! ልትሸነፍ?»

«ባለፈው ሲቀድሙኝ ሽርጣቸውን ሰብስበው ጨፈሩ። ወላሂ፣ በኒካችን ቀን እንኳ ፈገግ አላሉም።»

«ሆን ብለህ መሆኑን ቢያውቁብህስ?»

«ኤዬ፣ ያውቃሉ! ዛሬ ጠዋት ደውለው ‹ቀጭኑን እንዳትቀይረው› አሉኝ።»

ሁለቱም ሲስቁ፣ እኔ ለአማቴ ይዤው የምሄደው ስኳር ጉልበቴ ላይ እንዳለ ድንገት አነሰብኝ።