ፋርማሲስት ያልነበሩት መለሎ

ኀዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ቆማችሁ እንደ ደከማችሁ አውቃለሁና ብዙ አላረዝምባችሁም፤ ነገር ግን በዚህ ሰፈር ከሃያ ዓመት በላይ የሟቾችን ዜና ሕይወት ስጽፍና ሳነብ የኖርሁ ሰው እንደ መሆኔ የዛሬውን ብቻ ሁለት ጊዜ ለመጻፍ ተገድጃለሁና፣ ምክንያቱን እስክነግራችሁ ድረስ ታገሡኝ። በሕይወት ሳሉ አንቺ ስላቸው የኖርኋቸውን የእህቴን ልጅ ዛሬ አንቱ ስልም አይግረማችሁ፤ የሚገባቸው ነበር፣ እኔ ዘግይቼ ነው እንጂ።

ሁላችንም መለሎ እያልን የምንጠራቸው እኚህ ሴት የዛሬ አርባ አራት ዓመት ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከከባድ መኪና ሾፌር አባታቸው ተወለዱ። ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው አባታቸው በመንገድ አደጋ ስላረፉባቸው፣ አንድ የስፌት መኪናና አንድ ሰፊ ጠረጴዛ በሞላው ክፍል ውስጥ ከእናታቸው ጋር አደጉ። በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ቁመታቸው የአዋቂ ስለ ሆነ፣ እናታቸው የደንበኛን ቀሚስ አልብሰዋቸው፣ በርጩማ ላይ አቁመዋቸው፣ ጠርዙን በስፒል እየያዙ ያስተካክሉ ነበር፤ ስፒሉ ሲወጋቸው ሳይነቃነቁ መቆምንም ያን ጊዜ ተማሩ። እኔም በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ዝናብ ሲመጣ ቀድመሽ ንገሪን እያልሁ እቀልድባቸው ነበር።

ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት አጠናቅቀው ፋርማሲ ለማጥናት ኮሌጅ ቢገቡም፣ ዓመት ከመንፈቅ እንደ ተማሩ ከእናታቸው ደንበኞች አንዷ፣ የልብስ ዲዛይነር የሆኑት ሴት፣ መለሎ በርጩማው ላይ ቆመው ሳሉ አይተዋቸው ፎቶግራፋቸውን ወደ ውጭ አገር ስለ ላኩላቸው፣ በሃያ ዓመታቸው ለሞዴልነት ሥራ ተጠሩ። እኔም ገላን እያሳዩ መኖር ምን የሚሉት ሥራ ነው ብዬ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆምሁት። እናታቸው ግን መርቀው ሸኟቸው። ጎረቤት የት ሄዱ ብሎ ሲጠይቅ በፋርማሲስትነት ተቀጥረው ነው ያልሁት እኔ ነኝ፤ እናታቸው ዝም ያሉት እኔን ወንድማቸውን ላለማዋረድ ነው።

በሰው አገር ተደራራቢ አልጋ ባለበት ክፍል ከአምስት ሴቶች ጋር እየኖሩ፣ ጠዋት ጠዋት የፎቶግራፍ አልበማቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ከቢሮ ቢሮ ሲዞሩ፣ በጠባብ ኮሪደር ተሰልፈው ተራቸው ሲደርስ አሥር እርምጃ ተራምደው ሲመለሱ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከሁሉ ይልቅ የሰሙት ቃል አመሰግናለሁ የሚል ነበር፤ ትርጉሙም አንፈልግሽም ማለት እንደ ሆነ ለእናታቸው በስልክ እየሳቁ ነግረዋቸዋል። ከዚያ በኋላ በመድረክ ላይ በሁለት ቁጥር የሚያንሳቸውን ጫማ አድርገው፣ ጣታቸው ደም እየቋጠረ ፊታቸው ሳይለወጥ ተራመዱ። አንድ የልብስ ፋብሪካም ለሺህ ሰው የሚሰፋውን ቀሚስ አስቀድሞ በእሳቸው ላይ የሚለካ ሆነ፤ ብብት ላይ ይይዛል፣ ሲቀመጡበት ወገብ ይስባል ባሉ ጊዜ ልብሱ ተፈትቶ እንደ ገና ይቆረጥ ነበር። በዚሁ ሥራ ላይ ሳሉ በፎቶ ስቱዲዮ የመብራት ባለሙያ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ።

በሠላሳ አራት ዓመታቸው ባለቤታቸውንና የአራት ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ፤ አመጣጣቸውም ከእናታቸው ጋር የስፌት ቤት ከፍተው፣ ልብስን ለሰው ገላ በልክ ማበጀትን ለወጣቶች እያስተማሩ እዚሁ ለመኖር ነበር። ምን ዋጋ አለው! ገና ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ጎረቤቱ ሁሉ የደም ግፊቱንም የጨጓራውንም ኪኒን በፌስታል ይዞ ተሰለፈ። እሳቸውም እኔን ላለማሳፈር ከኪኒኑ ጋር ያለውን ወረቀት ለእያንዳንዱ አንብበው ሐኪማችሁን ጠይቁ እያሉ ሸኙ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ጋሼ፣ እውነቱን እንናገርና ልሥራ ብለው ቢለምኑኝ፣ በሽምግልናዬ ልታዋርጂኝ ነው ወይ ብዬ ጮኽሁባቸው። በሳምንቱ ተመልሰው ሄዱ፤ ዘጠኝ ዓመት አልመጡም። እናታቸው የልጅ ልጃቸውን በስልክ ድምፅ ያሳደጉት በእኔ ምክንያት ነው።

ባለፈው ዓመት የጉበት ካንሰር ተገኝቶባቸው፣ ሕክምናው ተስፋ እንደሌለው ሲነገራቸው ከሰባት ወር በፊት ወደ እናታቸው ቤት ተመለሱ። እኔ ቤት እየመጣች ለምትከታተላቸው ነርስም ጭምር ፋርማሲስት ናቸው ብዬ ስለ ነበር፣ ነርሷ የመድኃኒቱን ነገር እንደ ባልደረባ በጥድፊያ ነግራቸው ታልፍ ነበር፤ እሳቸውም ያልገባቸውን እንደ ገባው ሰው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ይህን በዓይኔ እያየሁ ውሸቴን አላረምሁም። አንድ ቀን ከሰዓት ብቻችንን ሳለን፣ ጋሼ፣ የሌላውን ሰው ዜና ሕይወት ሲያነቡ ማሳመር ይወዳሉ፤ የእኔን እንዳያሳምሩብኝ አሉኝ። እሺ አላልኋቸውም፤ ትራሳቸውን አስተካክዬ ወጣሁ። ማክሰኞ ጠዋት እጃቸው በእናታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ አረፉ።

ትናንት ታዲያ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ፋርማሲስት ብዬ ጻፍሁ። ስሕተት እንዳይኖረው ብዬ ለልጃቸው ባነብላት፣ የአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ እስከ መጨረሻው በጨዋነት አዳምጣኝ፣ ይህ የማን ታሪክ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ወረቀቱን ቀድጄ ይህን የምትሰሙትን ጻፍሁ።

መለሎ ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴት ልጃቸውን፣ እናታቸውንና ይህን አጎታቸውን ትተው አርፈዋል። ሥራቸው ሞዴልነት ነበር፤ ሃያ ሦስት ዓመት በላባቸው ሠርተውበታል፤ የሚያሳፍር ነገር ቢኖር የእኔ አፍ ነው። አንዲት ጊዜ እንኳ ከአፌ ሰምተውት ቢሆን ኖሮ እያልሁ አንጀቴ ያርራል፤ አሁን እናንተ ሰማችሁት፣ እሳቸው አልሰሙትም። አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ ለእናታቸውና ለልጃቸው ብርታቱን ይስጥልን።