ባለ ሻማው የጡረታ ባነር

ውይ አልማዜ፣ አንቺም እዚህ ነሽ? እሰይ፣ እንኳን አገኘሁሽ። ፈቀቅ በይልኝ እስቲ፣ ከፌርማታው እዚህ ድረስ በእግሬ ስመጣ ጉልበቴ አለቀ። የዛሬዋ የዓለም ባንክ ሰፈር ፀሐይ ደግሞ ጉድ ናት! ነው ወይስ እኔ ነኝ ያረጀሁት? ልጆች ደህና ናቸው? ጎሽ፣ ተመስገን ነው።

እኔማ የባሌን የጉልላትን መታወቂያ ፎቶ ኮፒ ላስደርግ ነው የመጣሁት። ጡረተኛ በየጊዜው «አለሁ» ማለት አለበት አሉ… የእኔ ባል «አለሁ» ብሎ ሰው ማሳመን እንዴት እንደሚከብደው ደግሞ ታውቂያለሽ።

ያ ኮምፒውተሩ ጋ የተቀመጠው የእህትሽ ልጅ አይደል? እደግ! ጆሮው ላይ ያንን የሙዚቃ ማዳመጫ ደፍኖ… አይሰማንም አይደል? ተይው፣ አታስነሺብኝ፣ ሥራውን ይሥራ። ማሽኑ እስኪሞቅ እኛ እንጫወት።

ትናንት ደጄ ድረስ መጥተሽ «እሑድ ቤት ትኖራላችሁ?» ስትዪኝ ገርሞኝ ነበር። ለካ ለልጄ ለራዕይ ሽማግሌ ሊላክ ኖሯል! ላኪው ማነው ብዬ ጠየቅሁሽ? አልጠየቅሁሽም። ምን ቆርጦኝ! ብቻ ሌሊቱን ሳስብ አንድ ልጅ ትዝ አለኝ… ኧረ የእህትሽን ልጅ ማለቴ አይደለም! አፈር ስሆን! እሱማ ይኸው አንገቱን ደፍቶ ይሠራል።

የማወራልሽ ስለ ሌላ ልጅ ነው። ስሙ ምን ያደርግልሻል? የተማረ ልጅ ነው። ዝም ብሎ የተማረ እንዳይመስልሽ፤ ፈረንጆች «ለታዳጊ አገሮች» ብለው ባመጡት የዲጂታል ዲዛይንና የኅትመት ሥልጠና ገብቶ፣ ሰርተፊኬቱን በወርቅማ ፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ነው። ልክ እንደዚያ እንደምታዪው… እንዴ! ለካ እዚህም አለ! አቤት መመሳሰል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ወረቀቱን ማለቴ ነው። ሥልጠናው ላይ መጀመሪያ የለቅሶ ባነር አስያዙት፤ ያዘ። ፎቶው መሃል፣ ግራና ቀኝ ሻማ፣ ከላይ ርግብ፣ ከሥር ደመና። ሰፈሩ በብዛት የሚያዘው እሱን ነው ብለው መሰለኝ የጀመሩበት። የሠርጉና የልደቱ ትምህርት ሲመጣ ግን ልጁ ከሻማው አልተላቀቀም። ምን አለበት? ሁሉን ነካክቶ ከመተው አንዱን ጠንቅቆ ማወቅ አይሻልም?

ያኔ ራዕይ «አባዬ ጡረታ ወጣ፣ ቅዳሜ ደስ ይበለው» ብላ የደስታ ባነር አዘዘችው። ልጁ ደግሞ ልቡ እሷ ጋ ነው አሉ፤ በነጻ ሠራው። በዚያ ላይ በጠዋት፣ ማናችንም ቤት ሳንኖር፣ ራሱ መጥቶ በራችን ላይ ሰቀለው። ሰርፕራይዝ ነው ያለው። ቃሉን ጠብቋል፣ ደንግጠናል።

እኔ ዘነበወርቅ ሆስፒታል የተኛች ዘመዴን ጠይቄ ስመለስ፣ ከታክሲ ወርጄ ቀና ስል ምን ልይ? ጉልላቴ ሻማ መሃል! ደመና ላይ! ከፊቱ መጨማደዱን ሁሉ አጥፍቶለታል፤ ዕድሜ ልኬን አብሬው ኖሬ እንደዚያ አምሮበት አይቼው አላውቅም። እጁ ይባረክ እንጂ ምን ይባላል? ለካ ከሥሩ «እንኳን ለጡረታ አበቃዎት» የሚል ጽሑፍ ነበረው። አንቺ ሙች፣ ሻማ ያየ ሰው ፊደል ይቆጥራል? ነጠላዬን ዘቅዝቄ ኡኡ አልኩ።

እድርተኛው ደግሞ ቀድሞኝ ድንኳን እየተከለ ነው። የሰፈራችንን ሰው ታውቂው የለ? መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ኋላ ይጠይቃል። ለቅሶ ቤት ደጅ ቆሞ «እውነት ሞቷል ወይ?» የሚል ሰው አለ እንዴ? ነውር አይደለም?

ጉልላት ያን ጊዜ የት ነበር አትዪኝም? ለግብዣው ብሎ ጸጉሩን ሊስተካከል ወጥቷል! ሲመለስ ድንኳኑ ባነሩን ጋርዶታል። የጎረቤት ለቅሶ መስሎት ወንዶቹ መሃል ገብቶ ቁጭ አለ። አጠገቡ ያለውን እንግዳ ሰውዬ ቀስ ብሎ «ሟች ማን ናቸው?» ይለዋል። «አቶ ጉልላት የሚባሉ፣ ደግ ሰው ነበሩ አሉ።» «ወይኔ ሞክሼዬን!» ብሎ ባሌ ተንሰቀሰቀልሽ! የራሱን ለቅሶ አልቅሶ፣ ዓይኑን ጠራርጎ፣ ንፍሮ ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ፣ ንፍሮ የምታዞረው ጎረቤታችን ኤልሳቤጥ አየችውና ሰፌዱን ከነንፍሮው ጣለችው። እሷ ስትጮህ እኔ ዞር አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም፣ ውኃ ሲረጩብኝ ነው የነቃሁት።

አልማዜ፣ እየሳቅሁ አወራሻለሁ እንጂ ያን ቀን አንጀቴ ነው የተቆረጠው። ልጁ ሮጦ መጣ። እግሬ ላይ ይወድቃል ብለሽ ጠብቀሻል? «እትዬ ተሻለች፣ የኅትመቱን ጥራት ግን አዩልኝ?» አለኝ! አየሁለት፤ ምን የመሰለ ጥራት ነው! ዝናብ እንኳ አያስለቅቀውም አለኝ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶች። እሱማ ተምሯል፣ ጠምጥሟል፤ ባሌን መገነዝ ብቻ ነው የቀረው። ጉልላት እስከ ዛሬ ሰፈር ውስጥ ሰላም ሲል ሰው ያማትብበታል። ሻማ ካየ ደግሞ፣ መብራት ሲጠፋ እንኳ፣ ጨለማ ውስጥ መቀመጥ ነው የሚመርጠው።

እህስ፣ ማሽኑ ሞቀ? እንዴ… የእህትሽ ልጅ ማውሱን ለምን ለቀቀው? ጆሮውስ ምነው ቀላ? ያ የደፈነው ነገር አቃጥሎት መሆን አለበት። ገመዱ እኮ ምንም ላይ አልተሰካም፣ እንካ በይው፣ መሬት ወድቋል። ምስኪን፣ ሥራ በዝቶበት ነው።

እሑድማ ቤት አለን፣ የት እንሄዳለን? ሽማግሌዎቹ ይምጡ፣ እንግዳ ክቡር ነው። ብቻ ገና ከደጅ «በደስታ ነው የመጣነው» ይበሉ። ጉልላት ነጭ ለብሰው የሚመጡ ሽማግሌዎች ካየ፣ ዳግመኛ የሞተ ይመስለዋል።

እኔ ደግሞ ቂም አላውቅም፤ ታውቂኛለሽ። ያንን ልጅ፣ ያኛውን ማለቴ ነው፣ ከልቤ ነው የምመርቀው። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ሙያውን ያስፋለት፤ ሻማውን ለሻማ ቦታው ያድርግለት። የራዕዬን ሠርግ ደግሞ ያሳየው፤ አዎ፣ የሠርጓን ባነር ከማንም በፊት እሱ ይሥራው፣ ለሌላ ሰው አልሰጥም! አሜን በይ እንጂ አልማዜ!

የሙሽራውን ፎቶ እኛ እናመጣለታለን።