ጀላል ሊስፕን በጆሮ ያስገባ ዕለት

ጓዶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤ ጀላልን በጡረታ ልንሸኝ ስለ ተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ።

ጀላል ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ፋብሪካ የመጣ ዕለት «የኮምፒዩተር ባለሙያ ከአዲስ አበባ ተመደበልን» ተብሎ ግማሹ ሠራተኛ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ሰውየው ለደሴ ብርድ የገዛውን ወፍራም ካፖርት እንደ ለበሰ በኮምቦልቻ ሙቀት ከአውቶቡስ ወረደ። ወደ ማሽኑ ክፍል ገባ፤ ማሽኑን አየው፤ አልነካውም። ዞር ብሎ «መጥረጊያ አላችሁ?» አለ። እስከ ምሳ ሰዓት ጠረገ። ትርፌ ከፈትል ክፍል መጥታ አይታው ስትመለስ «ባለሙያው ገና አልመጣም፤ የጽዳት ሠራተኛው ግን ጎበዝ ነው» አለችን። ትርፌ፣ አትሳቂ፤ ያልሽውን ነው የምናገረው።

የጥጥ ብናኝ ኮምፒዩተር እንደሚገድል ያኔ ማን ያውቃል? ከዚያ ወዲህ ትከሻውን በሩ ላይ ሳያራግፍ የገባ የለም። ሥራ አስኪያጁን እንኳ «ይመለሱ፤ ጥጥ ይዘው ነው የገቡት» ብሎ አስወጥቷቸዋል።

ደግሞ ያቺ «ድገምልኝ» የምትባል አመሉ አለች። የነገራችሁን ሁሉ ካልደገማችሁለት አይለቃችሁም። አንድ ቀን ደሴ ፒያሳ ሻይ ቤት ገብተን «ሁለት ሻይ፣ አንዱ ያለ ስኳር፤ እስቲ ድገሚልኝ» ቢላት፣ አስተናጋጇ «ጋሼ፣ ሻይ ነው ወይስ ፈተና?» አለችው።

ሥራው ደርሶ እንደሆነ ጠይቁት። ካልደረሰ መልሱ «አልደረሰም» ነው። «በመፋጠን ላይ ነው»፣ «በመጠናቀቅ ላይ ይገኛል» የሚባለውን አያውቅም። ሪፖርት ለሚሰበስቡ ሰዎች እንዲህ ያለ ሰው መከራ ነው።

እስካሁን ያልኩትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቀጥሎ የምናገረውን ግን የምናውቀው ጥቂቶች ነን፤ ከእነሱም አንዱ የፓርቲው ተጠሪ ጓድ በላቸው ናቸው። ጓድ በላቸው፣ እባክዎ አይነሡ። የሆነውን ብቻ ነው የምናገረው።

የሽመና ማሽኖቻችንን የተከለው ጀርመናዊ ሲሄድ አንድ ፕሮግራም ትቶልን ነበር። ማሽን ሲበላሽ ምልክቱን ትነግሩታላችሁ፤ የትኛው ክፍል እንደሚፈተሽ ይነግራችኋል። እኔ የጥገና ኃላፊ ነኝና ያ ፕሮግራም ምን ያህል ያጓጓኝ እንደነበር ገምቱ። ግን የተጻፈው ሊስፕ በሚባል ቋንቋ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሊስፕ ከሌለው ፕሮግራሙ ከንቱ ነው። ሊስፕ ለስንቱ ዓይነት ኮምፒዩተር ተሠርቷል፤ ከምሥራቅ ጀርመን ለመጣው ለእኛው ግን አለኝ የሚል ሰው ጠፋ። አዲስ አበባ ጠየቅን፤ «ማሽኑን ቀይሩ» አሉን። እንደ ሸሚዝ! ውጭ የተማሩትን ጠየቅን፤ «እንልካለን» አሉ፤ አልላኩም። የገዛ አስተዳደራችን «ይታሰብበታል» እንዳለ ሁለት ዓመት አለፈ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ጀላል በመጨረሻ ለሌላ ማሽን የተሠራ ሊስፕ ከውጭ በመጣ መጽሔት ላይ ታትሞ አገኘ። «የዚያ ማሽን ልቡ ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ የሚለየው አፍና ጆሮው ነው» አለኝ። ከኪቦርዱ የሚሰማበትንና በስክሪኑ የሚናገርበትን ክፍል ራሱ አዲስ ጻፈ። የቀረው፣ ገጽ በገጽ የተደረደረውን ቁጥርና ፊደል ማስገባት ነበር። አንዷ ከተሳተች ሁሉም ይቆማል።

ጀላል ልጅ ሆኖ ወረባቦ ቁርዓን ሲቀራ ሸኻቸው ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ስሕተት የሚይዙት በጆሮ ነው። እኛንም እንደዚያው አስቀመጠን። እሑድ፣ ፋብሪካው ሲያርፍ፣ ብናኝ እንዳይገባ በሩን ዘግተን፣ እሱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ከጽሕፈት ክፍል የጠራት እቴነሽ እየደገመች ታስገባለች፤ እኔ በሌላ ቅጂ እከታተላለሁ።

«ሲ ዲ፣ ዜሮ አምስት፣ ዜሮ ዜሮ።»

«ሲ ዲ፣ ዜሮ አምስት፣ ዜሮ ዜሮ።»

ጀላል ደግሞ ሳያውቀው ዜማ ያስገባበታል።

እቴነሽ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ምእመን ናት፤ አንዳንዶቻችሁ «ጴንጤ» የምትሏት። በዚያ ሰሞን ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ፣ ባሏ ታስሮ፣ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን ትይዝ ነበር። አንዱ ወሬ አቀባይ በሩ ላይ ጆሮውን ለጥፎ «ተሰብስበው እየተቀባበሉ ይጸልያሉ» ብሎ አመለከተ።

በሩ ተደበደበ። ጓድ በላቸው ሁለት ጥበቃዎች አስከትለው ገቡ።

«ይህ ጸሎት በምን ቋንቋ ነው?»

«በማሽን ቋንቋ» አለ ጀላል። «ትከሻዎን ያራግፉ።»

«ቀልድ አልፈልግም! አንተ እስላም ነህ፤ ከጴንጤ ጋር ምን ሰበሰበህ?»

«ሥራ።»

«እንግዲያው ማሽኑ ይመስክር። ከሠራ እሄዳለሁ። ካልሠራ ሴትዮዋ ከእኛ ጋር ትሄዳለች።»

እቴነሽ እጇን ከኪቦርዱ አላነሣችም። እኔ በልቤ «ጀላል፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ዛሬ ብቻ "ሊደርስ ነው" በል» እላለሁ።

«አልደረሰም» አለ።

ልመታው ምንም አልቀረኝም።

«ዛሬ አይሠራም። ገና ግማሽ ላይ ነን። ሰው መውሰድ ካለብዎ እኔን ይውሰዱ፤ በሩን የዘጋሁትም እሷን የጠራሁትም እኔ ነኝ። ጸሎት መሆን አለመሆኑን ማወቅ ከፈለጉ ግን ወንበሩ ይኸው። ይቀመጡና የማነበውን ይድገሙልኝ።»

ጥበቃዎቹ ተያዩ። ጓድ በላቸው፣ እልህ ይሁን ሌላ እንጃ፣ ተቀመጡ። ጀላል አነበበ፤ እሳቸው ደገሙ፤ እቴነሽ አስገባች። ገጹ አጋማሽ ላይ ጀላል ቆመ።

«ተሳስተዋል።»

ከአብዮቱ ወዲህ እኚህን ሰው እንዲህ ያላቸው አልነበረም።

«ምን አልክ?»

«እኔ ስምንት አልኩ፤ እርስዎ ዘጠኝ አሉ። ያሉት ቢገባ ማሽኑ ይቆም ነበር። ይድገሙት።»

ጓድ በላቸው ጀላልን አዩት፤ ጥበቃዎቹን አዩ፤ እቴነሽን አዩ።

«ስምንት» አሉ።

ገጹን እስከ መጨረሻው ደገሙ። ከዚያ ተነሥተው ለጥበቃዎቹ «እንዲህ ያለ ጸሎት የሚሰማ አምላክ የለም፤ እንሂድ» አሏቸው።

ሊስፑ ከብዙ እሑዶች በኋላ ሠራ። ዛሬ ማሽን ሲቆም መጀመሪያ የማማክረው የጀርመናዊውን ፕሮግራም ነው።

ጀላል፣ ስለ ሊስፑ የሚያመሰግንህ ሌላ ሰው አይጠፋም። እኔ የማመሰግንህ ስለ «አልደረሰም» ነው። ብትዋሽ ማሽኑ እዚያው ያጋልጥህ ነበር፤ እቴነሽንም ይወስዷት ነበር። እንዲህ ተወስዶ ያልተመለሰ የምታውቁት ሰው አላችሁ፤ እኔም አለኝ። ጓድ በላቸው፣ እርስዎንም ስለ «ስምንት» አመሰግናለሁ። ስለ በሩ ግን አላመሰግንም።

በሉ፣ ቢራም ለስላሳም የያዛችሁ ብርጭቋችሁን አንሡ። ጀላል፣ ደሴ ሆጤ ያለው ቤትህ የሰላም ይሁንልህ። ለባለቤትህ ለረሂማ ከእንግዲህ ቀኑን ሙሉ «ድገሚልኝ» ስትላት የምትችልበትን ሰብር ይስጣት። ለአንተ ዕድሜና ጤና።

እቴነሽ ያን ማታ ልጆቿን አብልታ አስተኛች። ለዚያች ማታ እንጠጣ። ለጀላል!