ፒክአፑ ስንት ጣት ከፍ ይበል?

በዚያ ሰፈር መኪናን ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው እንደሌለ የተረጋገጠ ነው፤ ያረጋገጠችውም ራሷ ናት። «መኪና ከሩቅ ሲያስል ሰምቼ በሽታውን እነግራችኋለሁ!» ትላለች። እስከ ሰባተኛ ክፍል ተምራ፣ ሁለት ዓመት በአጎቷ ጋራዥ በዘይት ስትጨማለቅ የከረመች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ራሷን ከፍ ከፍ ማድረግ ስለምትወድ ሠራተኞቹ «ክሪክ» የሚል ስም አወጡላት። ክሪክ የመኪና ማንሻ ነው። እሷ ግን ስሙን እንደ ሹመት ተቀበለችው።

አንድ ዓርብ ጠዋት፣ አጎቷ ዕቃ ሊገዛ እንደወጣ፣ አንድ ያረጀ ፒክአፕ ነዳጅ እያንጠባጠበ ግቢው ገባ። የሰፈሩ ሽማግሌ አናጺ ከውስጡ ወረዱ።

«እንደምን አደርሽ ልጄ። አጎትሽ የለም?»

«እንደምን አደሩ አባባ። አጎቴ የለም፤ ግን እኔ አለሁ። ከእሱ እሻላለሁ።»

«እሱን ሲመጣ እንጠይቀዋለን» አሉና ወደ መኪናው ሆድ አመለከቱ። «ትናንት ባለቤቴን ሐኪም ቤት ስወስድ፣ ጎርፍ ያጠበው ቁልቁለት ላይ ድንጋይ ታንኩን ቀደደው። ግማሽ ቀን ቆመን ተመለስን። በየሐሙሱ የምትወጋው መርፌ አመለጣት። ነርሷ ‹ሁለተኛ እንዳይደገም› ብላ አስጠንቅቃናለች። ድፈኑልኝና ልሂድ።»

«ደፍኖ መስደድማ ለድንጋዩ አዲስ ምሳ ማቅረብ ነው! መኪናው ከፍ ማለት አለበት። አንድ ስንዝር እናነሳዋለን፤ ትልልቅ ጎማ እናስርበታለን፤ ድንጋዩ ከታች ሆኖ ያጨበጭብልዎታል።»

«አይሆንም ልጄ። ሃያ ስድስት ዓመት በዚሁ ቁመት አገልግሎኛል። እግሩ የረዘመ ወንበር ሲንገዳገድ ብዙ አይቻለሁ።»

«አባባ፣ ወንበር እኮ ሞተር የለውም።»

«ተቀማጭ ግን አለው።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረባት። ዝም ማለትን ግን አልተማረችም፤ ምናልባት ስምንተኛ ክፍል ላይ ይሆናል የሚሰጠው።

አናጺው ከመኪናው ውስጥ አንድ ዱላ አወጡ። በሩን ከፍተው ዱላውን መሬት ላይ አቆሙና ከመኪናው ወለል ጋር አስተያዩት። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኸው፣ ወለሉ አሁን ራሱ ከልኩ አልፏል።»

«ወይ አባባ! በዚህ ዘመን በዱላ ይለካል? ሜትር የሚባል ነገር መጥቷል እኮ!» አለችና የራሷን ከኪሷ መዛ አወጣች።

«ሜትርማ አለኝ፤ አናጺ ነኝ። ሜትር ግን የእሷን ጉልበት አያውቅም።»

ክሪክ ዱላውን ተቀበለች። ምርኩዝ ነው፤ እጀታው በመዳፍ ብዛት ልሟል። ጎኑ ላይ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ፣ ሁለት የቢላ ጭረት አለበት።

«የባለቤቴ ነው» አሉ ሽማግሌው። «አምና እግሯን እስከ ላይኛው ጭረት ታነሳ ነበር። ዘንድሮ እስከ ታችኛው ነው። አሁን እኔው አቅፌ ነው የማስገባት። ‹ሸክም ሆንኩብህ› ትልና መንገዱን ሙሉ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። አንቺ ስንዝር ስትጨምሪበት እኔ ምን ልሁን? መሰላል ተሸክሜ ልዙር?»

ልጅቷ ሳትከራከር ሜትሯን ወደ ኪሷ መለሰች። በጋራዡ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር። ምርኩዙን ከራሷ እግር ጋር አስጠጋችው። የታችኛው ጭረት ከጉልበቷ በታች ቀረ፤ በጣም በታች።

ከዚያ ቀድሞ መሠራት የነበረበትን ሥራ ሠራች፤ መኪናው ሥር ገባች። ሳይዳስስ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ከጎማው መካከል እስከ ጎማ መሸፈኛው ፓራፋንጎ ለካች፤ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የአዳዲስ መኪና ልክ ጋር አመሳከረች፤ ደግማ ለካች።

«አባባ፣ እስቲ ጎንበስ ይበሉ። ይህ የተደራረበ ብረት ባሌስትራ ነው፤ ጭነቱን የሚሸከም። አዲስ ሳለ እንደ ቀስት ይጎብጣል። የእርስዎ ግን እንደ ጣውላ ተዘርግቷል፤ አንደኛው ብረት ደግሞ ተሰንጥቋል። መኪናው አራት ጣት ሰጥሟል። ‹የድሮ ቁመቱ› የሚሉት የድሮው አይደለም፤ የእርጅናው ነው።»

«ታዲያ ሥሩ ታኮ አስገቡበትና ይነሳ።»

«ታኮ ያስረዝመዋል እንጂ አያበረታውም። የደከመ ሰው በርጩማ ላይ ቢቆም ይበረታል?»

አናጺው ፈገግ አሉ። «ይህችስ የእኔ ቋንቋ ናት። ግን አዲስ ባሌስትራ ድርቅ ያለ ነው ይላሉ። የእሷ ወገብ ዝላይ አይችልም።»

«ድርቅ የሚለው ለከባድ ጭነት የሚታሰረው ነው። እርስዎ የሚጭኑት ጣውላና አንዲት እመቤት ነው። መካከለኛውን እንመርጣለን፤ ንዝረቱን የሚውጠውን አሞርዛተርም አብረን እንለውጣለን። በድሮው ላይ ሁለት ጣት ብቻ እንጨምራለን። ስንዝር ያልኩት...» እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገች። «ስንዝር ያልኩት ስህተት ነው። ያን ያህል ከተነሳ ኩርባ ላይ ይንጋደዳል፤ የፍሬኑ ቱቦ ይወጠራል። አጎቴ ነግሮኝ ነበር። ጆሮዬ ለመኪና እንጂ ለሰው አይሠራም መሰለኝ።»

«መሳፈሪያውስ?»

«በሩ ሥር መርገጫ፣ ከጎኑ የእጅ መያዣ። እርስዎ ልኩን በእንጨት ይሥሩልን፤ አጎቴ በብረት ይበይደዋል። ከመሬት እስከ መርገጫው ከታችኛው ጭረት አይበልጥም፤ ከመርገጫው እስከ ወለሉም እንዲሁ። አንዱን ትልቅ እርምጃ ለሁለት ትናንሽ እንከፍለዋለን።»

ሽማግሌው ጭረቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ራሷ ትወጣለች ነው የምትይኝ?»

«ራሳቸው።»

«እንግዲያው ጀምሪ» አሉ። ጥቂት አሰቡና «አይ፣ አጎትሽ ይጀምር» አሉ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት፣ ታንኩ ተደፍኖ መርገጫውም ተበይዶ ሲያልቅ፣ ክሪክና አጎቷ መኪናውን ለማስረከብ አናጺው ቤት ሄዱ። የአናጺው ባለቤት ነጠላ ጫማ አድርገው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። አናጺው እንደ ልማዳቸው ሊያቅፏቸው እጃቸውን ዘረጉ። ክሪክ ግን ቀደመች። ዘላ አዲሱ መርገጫ ላይ ቆመች፣ መያዣውን ጨበጠች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ ታንኩን ድንጋይ አይነካውም! ወገብዎን ንዝረት አያገኘውም! ቀጠሮ አያመልጥም! ሰው ያረጀን ነገር ‹እንዲሁ ይኑር› ከማለት ጎንበስ ብሎ ቢያየው፣ ከፍታንም ለታይታ ሳይሆን በሚሳፈረው ሰው ልክ ቢመርጥ፣ ስንት ጥቅም ያገኛል! ይህን ሁሉ ያጠናሁት እኔ ስሆን፣ አንደኛ...»

አሮጊቷ በምርኩዛቸው የባላቸውን እጅ ቀስ አድርገው ገፉት። «አንተ እጅህን ሰብስብ፤ ራሴ ነኝ የምወጣው።» ከዚያ ወደ ላይ ቀና ብለው ልጅቷን አይዋት።

«አንቺም ከመርገጫዬ ላይ ውረጂ። ያለፈው ሐሙስ በድንጋይ አመለጠኝ፤ የዛሬው ደግሞ በወሬ አያምልጠኝ።»