ድምፅ የሌለው ወፍጮ

እኛ ከጋምቤላ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የሰፈራ መንደር ነው የምንኖረው። ሰው ወፍጮ ቤት የሚመጣው የናፍጣ ሞተሩን ቱክቱክታ ሲሰማ ነው። ናፍጣ ፍለጋ ከተማ ሄዶ መሰለፍ ቢያንገፈግፈኝ፣ ያለኝን ሁሉ አውጥቼ ወፍጮዬ በፀሐይ ኃይልም እንዲሠራ የፀሐይ ሰሌዳ አስገጠምኩለት። በነጋታው በሬን ከፍቼ ብጠብቅ ማን ይምጣ! ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ እማማ ፋጡማ ብቅ አሉና፣ «አይዞህ ልጄ፣ ወፍጮህ ተበላሸ አሉ» ብለው አጽናኑኝ።

ለካ ድምፅ ስላልሰሙ ነው! ንድድ ብሎኝ አሮጌውን ሞተር አስነሳሁት። ብዙም ሳይቆይ መንደርተኛው በቆሎውን ተሸክሞ ደጄን ሞላው። እፊታቸው ሞተሩን ቀጥ አደረግኩት። «ምነው አጠፋኸው?» ብለው ጆንያቸውን ሊያነሱ ሲሉ፣ «ማንም ንቅንቅ እንዳይል!» አልኩና የእማማ ፋጡማን በቆሎ በፀሐዩ ፈጨሁት። እማማ ዱቄቱን ዘገን አድርገው ዳሰሱትና፣ «ኧረ ይሄም እንደ ናፍጣው ትኩስና የላመ ነው!» አሉ። ጆንያው ሁሉ ተመልሶ ቁጭ አለ።

ሰማዩ ሲጠቁር ዛሬም በናፍጣ እፈጫለሁ። ፀሐይ ስትወጣ ግን ሞተሩ ሰው ጠርቶ ዝም ይላል። ናፍጣ ጭራሽ የጠፋ ዕለትም ቆርቆሮ እየደበደብኩ እጠራቸዋለሁ እንጂ ወፍጮዬ አይቆምም!