ለብረት የተላኩ ሽማግሌዎች

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ረቡዕ ከሥራ ስመለስ፣ ሼርቦርን ባቡር ጣቢያ በር ላይ የጋሽ ገረመውን ልጅ ሆሣዕናን አገኘኋት። እኔ ክፍሌ እባላለሁ፤ በአንድ ክሊኒክ አስተርጓሚ ነኝ። ሥራዬ የሰውን ነገር ለሰው ማድረስ ስለሆነ ሴንት ጄምስ ታውን በሚባለው የስደት ሰፈራችን ነገር የተወሳሰበበት ሁሉ እኔን ነው የሚፈልገው። እውነቱን ለመናገር እኔም መፈለጌን አልጠላውም።

ልጅቷ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ስታለቅስ ቆይታ ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ጋሼ ክፍሌ፣ አባዬ ፎርሙን ሳይን አላደርግም አለኝ። እስከ ዓርብ ካልገባ ኮምፒቲሽኑ አለፈኝ።»

«የምን ውድድር?»

«ክብደት ማንሳት። ዌትሊፍቲንግ።»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ይህችን ልጅ የማውቃት ሰንበት ትምህርት ቤት ነጠላ ለብሳ ስትዘምር ነው። ለካ ዐሥር ወር ሙሉ፣ ማክሰኞና ሐሙስ «ላይብረሪ ነኝ» እያለች በሰፈሩ አዳራሽ ምድር ቤት ብረት ስታነሳ ኖራለች።

«መዋሸትሽን አልወደድኩልሽም» አልኳት።

«እኔም ጠላሁት። ለዚህ ነው ራሴ የነገርኩት። ዝም ብል እኮ ፊርማውን አስመስዬ ማስገባት እችል ነበር።»

ይህን ስትለኝ ልቤ ተሸነፈ። እናቷ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ያሳደጓት ጋሽ ገረመው ብቻቸውን ናቸው። አባትና ልጅ በአንዲት ወረቀት ሲኳረፉ ማየት አልፈለግሁም። «ነገ አሠልጣኝሽን ይዤ እመጣለሁ» አልኳት።

አሠልጣኟ ማኑ ትባላለች። የመጣችው ከአንዲት የፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴት ነው፤ የደሴቷ ሰው ተሰብስቦ ቢመጣ የእኛን ሰፈር ፎቆች አይሞላም። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቀን ቀን በአረጋውያን መኖሪያ ትሠራለች። ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ ኬክ አስገዛኋት። ሁለት ሆኖ መሄድ ደስ አይልም ብዬ ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ሰብሳቢ ሰላሙን ጨመርኩ። ኮት ለብሰን ሄድን። ጥፋቱ እንግዲህ የእኔ ነው።

ጋሽ ገረመው በሩን ከፍተው «ግቡ፣ ግቡ፤ ተቀመጡ» አሉን።

እኔ ከልማድ የተነሣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልኩ።

ፊታቸው ተለወጠ። እኔን አዩ፣ ሰላሙን አዩ፣ ኬኩን የያዘችውን የውጭ አገር ሴት አዩ።

«ክፍሌ» አሉ፤ «ልጄ ገና ተማሪ ናት። የልጁ እናት ይህች ናት? አባቱስ ማን ነው? ወገኑን ሳላውቅ፣ ለልጄም ሳይነገራት፣ እንዲህ በድንገት ይመጣል?»

«ኧረ ጋሽ ገረመው፣ ለጋብቻ አይደለም የመጣነው።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«ለብረት ነው።»

ወንበር ስበው ቁጭ አሉና «ተመስገን» አሉ። ወዲያው ግን ነገሩ ገባቸውና ቆጣ አሉ።

«እሱንማ አውቄው ነው እምቢ ያልኩት። ሴት ልጅ ብረት ስታነሳ የት ታይቷል? ያ ከገላ የሚጣበቀው ልብሱስ ቢሆን? ነገ ስታገባ ማህፀኗ ተጎድቶ ቢገኝ ማን ሊጠየቅ ነው?»

ለማኑ ተረጎምኩላት። አልከፋትም፤ ፈገግ አለች።

«ሦስት ልጆች ወልጃለሁ» አለች። «ለአገሬ የተወዳደርኩት ሁለተኛው ከተወለደ በኋላ ነው።»

እኔም ከሐኪሞቹ የሰማሁትን ጨመርኩ፤ አነሳሱን በደንብ የተማረች ልጅን ብረት እንደማይጎዳት፣ እንዲያውም አጥንቷን እንደሚያጠነክርላት ነገርኳቸው። አስተርጓሚ ከራሱ መጨመር አይፈቀድለትም፤ ሽማግሌ ግን ይፈቀድለታል።

«እሺ፣ እሷ እንዴት ጀመረች? ጠይቃት» አሉ ጋሽ ገረመው፣ ሳይወዱ።

«ስንጀምር ብረት የሚባል አልነበረንም» አለች ማኑ። «አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር። የወተት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልቶ በቧንቧ ጫፍና ጫፍ ሰካልኝ። የምንለማመደው ከቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ዳስ ሥር ነው። መንደሩ ሲስቅብን ከረመ። በኋላ ወደ ትልቁ ውድድር ከደሴታችን ሁለት ሰዎች ሄድን። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፣ ወደቀብኝ። በሦስተኛው አነሳሁ፤ ያም ሆኖ ከሁሉ መጨረሻ ወጣሁ። አፍሬ ስመለስ አውሮፕላን ማረፊያው በሴቶች ልጆች ሞልቷል። በሳምንቱ ዐሥራ ዘጠኙ ዳሱ ሥር መጡ። ስድስት ዓመት አሠለጠንኳቸው።»

ጋሽ ገረመው ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ።

«የሴትዮዋ አባት ደግ ሰው ነው» አሉ። «እኔ ግን፣ ክፍሌ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በዕቃ መጋዘን ካርቶን አንስቻለሁ። ዛሬ የጫማዬን ክር የምታስርልኝ ይህች ልጅ ናት። ማህፀን አልኩ፣ ልብስ አልኩ፤ ሰበብ ነው። እኔን የሰበረኝ ነገር እሷን እንዲሰብርብኝ አልፈልግም። ከእሷ ሌላ ምን አለኝ?»

ይህን ግን ከራሴ ምንም ሳልጨምር ለማኑ ነገርኳት።

«ሲያነሱ ማን አስተማራቸው?» አለች ማኑ።

«ማን ያስተምረኛል? አንሳ ነው የሚሉኝ፤ አነሳለሁ።»

«እንግዲያው የሰበራቸው ክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ሳይማሩ ማንሳታቸው ነው» አለች።

እስካሁን ከወጥ ቤቱ በር ቆማ የነበረችው ሆሣዕና ወደ መሐል መጣች።

«አባዬ፣ ላሳይህ?»

ጥጉ ላይ ሃያ አምስት ኪሎ ዱቄት ነበር። እግሯን ከፈት አደረገች፣ ከረጢቱን ወደ ሰውነቷ አስጠጋች፣ ጀርባዋን ሳታጎብጥ ከጉልበቷ ዝቅ ብላ ደረቷ ላይ አወጣችው። መልሳ ስታስቀምጠው ድምፅ እንኳ አላሰማም። ከዚያ የመጥረጊያውን እንጨት ለአባቷ ሰጠቻቸው።

«አሁን አንተ። ወገብህ አይታጠፍ፤ ዳሌህን ወደ ኋላ፣ ጉልበትህን እጠፍ።»

«ጉልበቴማ አርጅቷል።»

«እስከቻልክበት ድረስ።»

ጋሽ ገረመው ከሰው ፊት በመሆናቸው አፈር አሉ፤ ግን ሞከሩ። ወረዱ፣ ተነሡ። እንደገና ወረዱ፣ ተነሡ።

«አላመመኝም» አሉ ቀስ ብለው። «ያኔ ይህን የሚነግረኝ አንድ ሰው ባገኝ ኖሮ።»

ከዚያ ወረቀቱን አምጪ አሏት። ከመፈረማቸው በፊት፣ ዳግመኛ እንዳትዋሻቸው፣ ትምህርቷን እንዳታጓድል፣ ከመድረክ ስትወርድ ጃኬት እንድትደርብ አስጠነቀቋት። ሰላሙም እስካሁን ኬኩን ሲያይ ቆይቶ «መዝሙር ጥናትም እንዳትቀሪ» አለ፤ በኋላ ሁላችንም ቁጭ ብለን ኬኩን በላነው።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ እኛ ልጅን ከሸክም ማዳን የምናውቀው ሸክሙን በመከልከል ብቻ ነው። ኑሮ ግን ሳያስፈቅድ ያሸክማል። እህቶቻችን በአረጋውያን መኖሪያ በሽተኛ ያነሳሉ፣ በሆቴል ፍራሽ ያገላብጣሉ፤ ወንድሞቻችን በመጋዘን ይጎብጣሉ። አነሳሱን የተማረ ሰው ወገቡ ብዙ ይከርምለታል። ጉልበቷን የምታውቅ ልጅም ቀና ብላ ትሄዳለች፤ አባቷ የፈቀደላት ደግሞ የምትደብቀው ነገር የላትም። ይህን የምለው አስተማሪ ለመምሰል አይደለም። እኔም ያን ቀን ቤቴ ገብቼ በመጥረጊያ እንጨት ሞክሬዋለሁ፤ አቅቶኛል።

ውድድሩ ስካርቦሮ ነበር። ከጋሽ ገረመው ጎን ተቀመጥኩ። ሆሣዕና የመጀመሪያውን አነሳች፣ ሁለተኛው ወደቀባት። ሦስተኛው ላይ ሰባ ሁለት ኪሎውን ብረት አንገቷ ሥር አድርሳ ስትቆም ጋሽ ገረመው እጄን ጨበጡት፤ ከራሷ በላይ ስታደርሰው ያመመው የእኔ እጅ ነው። ከሰባቱ ልጆች ስድስተኛ ሆነች።

በማግስቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ማኑ በየወሩ መጥታ ለእናቶች አነሳስ እንደምታስተምር ሰላሙ አስታወቀ። በእኔ በኩል ያስጠየቋት ጋሽ ገረመው ነበሩ። ከሕዝቡ መሐል አንዱ ወደሳቸው ተጠግቶ ስለ ልጃቸው ጠየቃቸው።

«ስንተኛ ወጣች?»

«ሰባ ሁለት ኪሎ» አሉ ጋሽ ገረመው።

«አይ፣ ስንተኛ ወጣች ነው ያልኩዎት።»

«ሰምቼሃለሁ ልጄ» አሉት። «ሰባ ሁለት ኪሎ።»