ዛር የሌለባት አይጥ

ግንቦት ፲ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም. ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት አያ ዘውዱ የተዋሱትን ከበሮ ተሸክመው ከደብረ ታቦር ወደ ቤታቸው ይጣደፉ ነበር። ልጃቸው ይርጋ እንቅልፍ ካጣ አራት ቀን ሆኖታል። በጋውን ሁሉ እህል ሳያሰኘው፣ እያለቀሰ፣ ከመደብ ሳይነሣ ከርሞ፣ ከፋሲካ ወዲህ ደግሞ ይዘል፣ ይዘፍን፣ በሬውንም ላልጠየቀው ሰው ይሰጥ ጀመር። በመንደራቸው ልማድ እንዲህ ያለውን ሰው ዛሩ ስሙን እስኪናገር ድረስ ሰባት ሌሊት ከበሮ እየመቱ አያስተኙትም፤ ሲያንቀላፋም ውሃ ይረጩበታል።

ከድልድዩ አጠገብ ደምሴን አገኙት። ደምሴ የጎረቤታቸው የየሺ ልጅ ነው፤ ፊደል ቆጥሮ፣ በጣልያኑ የከብት ሐኪም ዘንድ ክትባት የሚከትብ ወጣት።

«እንደምን አደሩ፣ አያ? ሠርግ አለ እንዴ?»

«እግዜር ይመስገን። ሠርግ ከየት መጥቶ! ለይርጋ ነው። ዛሬ ማታ እንጀምርለታለን።»

«ስለ እግዜር አይጀምሩ! ልጁ የራበው እንቅልፍ ነው።»

«ማን ነገረህ?»

«አይጥ።»

አያ ዘውዱ ሳይወዱ ሳቁ። «ጣልያን የቀጠረህ ከአይጥ ጋር ልታወጋ ነው?»

«ይስሙኝማ። ሐኪሙ አይጦቹን ውሃ በሞላ ሣጥን ውስጥ፣ ጠባብ ድንጋይ ላይ ያኖራቸዋል። ሲያንቀላፉ ውሃው ውስጥ ይወድቁና ይነቃሉ። ሦስት ቀን እንዲህ ሲቆዩ ይዝላሉ ብዬ ነበር። የለም! ይሮጣሉ፣ ይናከሳሉ፣ ቢያወጧቸው እንኳ መተኛት እንቢ ይላሉ። ጨለማና ጸጥታ ሲያገኙ ግን ቀስ በቀስ ተኝተው ይረጋጋሉ።»

«እና ልጄ አይጥ ነው? ክርስትና የተነሣ ሰው! ለመሆኑ አይጥ ዛር አለባት?»

«የለባትም። እኔም የምለው ይኸንኑ ነው። ዛር የሌለባት አይጥ እንቅልፍ በማጣት ብቻ እንዲህ ከሆነች፣ የይርጋን ሁሉ በዛር ለምን እናሳብባለን?»

አያ ዘውዱ በነገር የሚሸነፉ ሰው አልነበሩም። «የጠላት ትምህርት ነው» አሉ።

«በሬዎን ያስከተቡት በማን መርፌ ነው?»

«እሱማ ለበሬው ነው!»

ደምሴ ፈገግ አለ፤ ግን ያላወቀውን አውቃለሁ አላለም። «እርግጥ አይጥ ሐዘኗን አትናገርም። ይርጋ በጋውን ሁሉ ለምን እንዳለቀሰ እሷ አትነግረንም። ሐኪሙ የሚያስተኛ መድኃኒት ቢሞክርባቸው ሁለቱ እንደተኙ ቀሩ፤ ልኩ ሳይታወቅ ለሰው አይሰጥም። እኔም መድኃኒት አልያዝሁም። ጸበሉንም አልከለክልም፤ ጠዋት ይጠመቅ፣ ሌሊት ይተኛ።»

አያ ዘውዱ ከበሮውን አውርደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ድምፃቸው ተለወጠ።

«በላይነህስ?»

በላይነህ ታላቁ ልጃቸው ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት በዚሁ በሽታ ተይዞ፣ ከበሮ በተመታለት በስድስተኛው ሌሊት ከሰዎቹ እጅ አምልጦ ገደል ገብቶ ሞቷል።

«አንተ የምትለው እውነት ከሆነ፣ ልጄን የገደልሁት እኔ ነኝ። ውሃውን የረጨሁበት በዚህ እጄ ነው።»

ሰው ልማዱን የሙጥኝ የሚለው ሁልጊዜ ካለማወቅ አይደለም፤ አንዳንዴ ሲለቀው የሚመጣበትን ሐዘን ፈርቶ ነው።

ደምሴ አጠገባቸው ተቀመጠ። «የሚያውቁትን አደረጉለት፣ አያ። ያን ጊዜ ከበሮ ከመቱት አንዱ እኔ ነበርሁ። አሁን ግን አውቀናል። አውቀን ይርጋን ብንደግመው ነው ኃጢአቱ።»

«ምን ላድርግ?» አሉ አያ ዘውዱ።

«ቤቱን ያጨልሙለት። ጠያቂ አይብዛበት። ጠላና አረቄ አይቅመስ። እንዳይወጣም ተራ ገብተን አብረነው እንቀመጥ።»

ከበሮው በዚያው ዕለት ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። ይርጋ ሁለት ሌሊት አልተኛም፤ ጎረቤቱም «ዘውዱ ልጁን ለዛር ተወው» ብሎ አማ። በሦስተኛው እስከ ቀትር ተኛ። በሳምንቱ የሰጠውን በሬ አስታውሶ አፈረ፤ በሰኔ አረሰ። መንደሩም እያየ ተማረ፦ የታመመ ሰው ከሌሊት ከበሮ፣ ከሚረጭ ውሃና ከገደል ዳነ፤ አስታማሚውም የሚያደርገውን አወቀ።

ይርጋም በሽታው በ፲፱፻፴፪ ዓ.ም. ተመልሶበት፣ እንደገና ተሻለው። አያ ዘውዱ በ፲፱፻፴፬ ዓ.ም. በጥር ወር ዐረፉ፤ መቃብራቸውን የቆፈረው ይርጋ ነው።